ዝምታ ኃይል ነውን? የሱዛን ኬን «ኳየት» ከቤተ ክርስቲያን ወንበር ሲነበብ

በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ በእግዚአብሔር ፊት ሳሉ በስካር የታሙ ሁለት ዓይነት ሰዎች አሉ። አንዷ ሐና ናት። በሴሎ በልቧ ትጸልይ ነበር፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅዋ ግን አይሰማም። ካህኑ ዔሊ አፏን ሲመለከት ቆየና ወይን ጠጅ የጠጣች መሰለው (1ሳሙ. 1፥12-14)። ሌሎቹ በበዓለ ኃምሳ ቀን በኢየሩሳሌም የነበሩት ደቀ መዛሙርት ናቸው። መንፈስ ቅዱስ ሞልቷቸው በልዩ ልዩ ቋንቋ የእግዚአብሔርን ሥራ ሲናገሩ አንዳንዶች አፌዙባቸው (ሐዋ. 2፥13)። አንዷ ድምፅዋ ባለመሰማቱ፣ ሌሎቹ ድምፃቸው በመሰማቱ አንድ ዓይነት ስም ወጣላቸው።

በዛሬው የወጣቶች ኅብረታችን ሁለተኛዎቹን የሚጠረጥር የለም፤ ስለዚህ እግዚአብሔር ይመስገን። ጮክ ብሎ መጸለይ፣ እጅን አንሥቶ ማመስገን፣ በእልልታና በጭብጨባ ማምለክ ከእኛ በፊት ካመኑት የተቀበልነው ውድ ነገር ነው። እኔ የምጠይቃችሁ ስለ ሐና ነው። ሐና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ ፕሮግራማችን ብትመጣ፣ ከኋላ ጥግ ይዛ ብትቀመጥና ከንፈሯን ብቻ ብታንቀሳቅስ ምን እንላት ነበር? «ቀዝቅዛለች»፣ «ገና ነጻ አልወጣችም»፣ «የያዛት ነገር አለ» አንልም? እንግዲያው ከዔሊ የምንሻለው በምንድን ነው?

ይህን ጥያቄ እንዳነሣ ያደረገኝ በቤተ ክርስቲያን ሰው ያልተጻፈ መጽሐፍ ነው። አሜሪካዊቷ ሱዛን ኬን እ.ኤ.አ. በ2012 «ኳየት» የተባለውን መጽሐፍ አሳተመች፤ በዚያው ዓመት በቴድ መድረክ ያደረገችው ንግግር ደግሞ በብዙ አገር ተሰማ። ኬን በሙያዋ ጠበቃ ነበረች። መጽሐፏ ዝምታን ይመለከታል፤ ማውራት ማቆም በተሳነው ዓለም ውስጥ ጭምት ሰዎች ስላላቸው ኃይል ይናገራል። እንግሊዝኛ የምታነቡ ብትፈልጉት ታገኙታላችሁ፤ የማታነቡም ሐሳቡ ከዚህ በታች ስላለ አትቀሩም። መጽሐፉ ለቤተ ክርስቲያናችን የሚጠቅም እውነት ይዟል ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን መሠረቱ ላይ አንድ የጎደለ ነገር አለ፤ የጎደለውም እኛ ወንጌል የምንለው ነው።

መጽሐፉ ምን ይላል?

ኬን የምትነሣው ከሁለት ቃላት ነው፤ ኢንትሮቨርትና ኤክስትሮቨርት። ቃላቱን ያስተዋወቀው ስዊዘርላንዳዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ካርል ዩንግ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1921 ስለ ሰዎች የሥነ ልቡና ዓይነት ባሳተመው መጽሐፍ። በቀላል አማርኛ ስናስቀምጠው፣ ኢንትሮቨርት የምንለው ብቻውን ወይም ከጥቂት ወዳጆቹ ጋር ሲሆን የሚታደስ፣ ብዙ ሰውና ብዙ ድምፅ ባለበት ቶሎ የሚደክም ሰው ነው። ኤክስትሮቨርት ደግሞ ሰው መሃል ሲገባ የሚሞቀው፣ ብቻውን ሲውል የሚከፋው ነው። ብዙዎቻችን ከሁለቱ መካከል አንድ ቦታ ላይ እንገኛለን።

ኬን እዚህ ላይ የምትለየው ነገር ለእኛ ትልቅ ጥቅም አለው። ጭምትነት ማለት ዓይናፋርነት ማለት አይደለም ትላለች። ዓይናፋርነት ሰው ምን ይለኛል የሚል ፍርሃት ነው፤ ጭምትነት ግን ጸጥታን መምረጥ ነው። ከፕሮግራም በኋላ ሻይ በሚጠጣበት ሰዓት ሁለት ልጆች ለየብቻቸው ቆመዋል እንበል። አንደኛው መቀላቀል ይፈልጋል፤ ነገር ግን ይስቁብኛል ብሎ ይፈራል። ሁለተኛው የሚፈራው ነገር የለውም፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ ከሰው ጋር ስለቆየ በቅቶታል። ከሩቅ ሆኖ ለሚያያቸው አስተባባሪ ሁለቱ አንድ ናቸው። አንደኛው የሚያስፈልገው እጁን የሚይዘው ወዳጅ ነው፤ ሁለተኛው የሚያስፈልገው ወደ ቤቱ በሰላም የሚያሰናብተው ሰው ነው።

ቀጥላ ታሪክ ታመጣለች። ዋረን ሰስማን የተባለውን የታሪክ ምሁር ተከትላ፣ የአሜሪካ ኅብረተሰብ በ20ኛው መቶ ዘመን መግቢያ አካባቢ ሰውን የሚመዝንበትን ሚዛን ለወጠ ትላለች። ቀድሞ ሰው የሚመዘነው በምግባሩ ነበር፤ ማንም ሳያየው በሚያደርገው ነገር። ሕዝቡ ከገጠር ወደ ከተማ ሲፈልስና ሰው ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር መሥራትና መነገድ ሲጀምር ግን ሚዛኑ ሰው ፊት መድመቅና መማረክ ሆነ። ለምሳሌ የምታቀርበው ዴል ካርኔጊን ነው። ካርኔጊ በሚዙሪ ገጠር የገበሬ ልጅ ሆኖ ያደገ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1912 በኒው ዮርክ በወወክማ ውስጥ በአደባባይ መናገርን ማስተማር ጀመረ፤ በ1936 ያሳተመው ወዳጅ ስለ ማፍራት የሚናገረው መጽሐፍም ዛሬ ድረስ በየአገሩ ይነበባል። ቦታውን ልብ በሉልኝ፤ ወወክማ የወጣት ክርስቲያኖች ማኅበር ነው። የመድመቅ ትምህርት ወደ ዓለም ከወጣባቸው በሮች አንዱ የክርስቲያኖች በር ነበር።

መጽሐፉ ወደ ሳይንስም ይገባል። በሐርቫርድ ያስተምር የነበረው ጀሮም ኬገን እ.ኤ.አ. በ1989 በጀመረው ጥናት 500 የአራት ወር ሕፃናትን ፊኛ ሲፈነዳ አሰማቸው፣ የአልኮል ሽታ አስሸተታቸው፣ የተቀዳ ድምፅ አሰማቸው፣ የሚወዛወዙ ባለ ቀለም መጫወቻዎችን አሳያቸው። ከመቶው 20 ያህሉ እጅና እግራቸውን እያወራጩ አለቀሱ፤ 40 ያህሉ ረጋ ብለው ተመለከቱ። ሲያድጉ ወደ ዝምታና ወደ ጥንቃቄ ያዘነበሉት ያለቀሱት ነበሩ። ምክንያቱም ነገር ሁሉ አጥብቆ ይሰማቸው ነበር። እንግዲህ ዝምተኛው ልጅ ምንም አይሰማውም ብላችሁ የምታስቡ ካላችሁ ነገሩ የተገላቢጦሽ ሊሆን እንደሚችል አስቡ። በአምልኮ ሰዓት ዓይኑን ጨፍኖ የቆመው ወንድም ልቡ ደርቆ ላይሆን ይችላል፤ ሞልቶበት ይሆናል።

ኬን መጽሐፏን የምትከፍተው በሮዛ ፓርክስ ነው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1 ቀን 1955 በሞንትጎመሪ ከተማ የአውቶቡስ መቀመጫዋን ለነጭ ተሳፋሪ አልለቅም ያለችው ጥቁር ሴት በተፈጥሮዋ ለስላሳና ዝምተኛ ነበረች። ከአራት ቀን በኋላ በሆልት ስትሪት ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን በተደረገው ታላቅ ስብሰባ ንግግር ያደረገው የ26 ዓመቱ ፓስተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ነው፤ ሮዛ አልተናገረችም። ያ ሕዝብ በአውቶቡስ ላለመሳፈር ተስማምቶ 381 ቀን ጸና። ያለ ኪንግ አንደበት ያ ሕዝብ እንዲያ አይነሣም ነበር፤ ያለ ሮዛ እንቢታ ደግሞ ኪንግ የሚናገርበት ምክንያት በዚያ ምሽት አይኖርም ነበር። ይህን ሳነብ ወደ አእምሮዬ የመጣው ስለ አካልና ስለ ብልቶች የተጻፈው የ1ቆሮንቶስ 12 ትምህርት ነው።

ቤተ ክርስቲያን በመጽሐፉ ውስጥ

ለእኛ በጣም የሚቀርበው ግን ሌላ ምዕራፍ ነው። ኬን የመድመቅ ባህል የት የት እንደ ሰፈነ ለማየት ሦስት ቦታዎችን ትጎበኛለች። አንደኛው ሰዎችን በጩኸትና በጭፈራ የሚያነቃቃ የአንድ ዝነኛ ተናጋሪ ሥልጠና ነው። ሁለተኛው የሐርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤት ነው። ሦስተኛው ቤተ ክርስቲያን ነው፤ በካሊፎርኒያ የሚገኘው፣ «ዓላማ መር ሕይወት» በሚለው መጽሐፋቸው ብዙዎቻችሁ የምታውቋቸው ፓስተር ሪክ ዋረን የመሠረቱት ሳድልባክ። አብሯት የሄደው አዳም መክሂዩ የወንጌላውያን አገልጋይ ነው፤ እርሱም እ.ኤ.አ. በ2009 ስለ ኢንትሮቨርቶች በቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ጽፏል። ትልቅ አዳራሽ፣ ሰፊ ስክሪን፣ ሞቅ ያለ ሙዚቃ፣ በበር ላይ ሰላምታ የሚሰጡ ፈገግተኞች ነበሩ። መክሂዩ የሚለው በአጭሩ ይህ ነው፤ በወንጌላውያን መካከል ለጌታ መታመን ከተግባቢነት ጋር ተጣብቋል፤ ብዙ ሰው የሚያውቅ፣ በሁሉም ፕሮግራም የሚገኝ፣ ስሜቱን በግልጽ የሚያሳይ ሰው መንፈሳዊ ይመስላል። ጭምቱ ግን እግዚአብሔርን እንደሚገባ የማይወድ ሰው መስሎ ለራሱ ይታየዋል።

አንባቢዎቼ፣ ሱዛን ኬን ከአይሁድ ቤተሰብ የተወለደች ናት፤ አያቷ በብሩክሊን ረቢ ነበሩ። ከውጭ መጥታ ያየችውን ነገር ከውስጥ ያለን እኛ አላየነውም ነበር ማለት ነው። ይህ ሊያሳፍረን አይገባም፤ ሊያስተምረን ግን ይገባል።

እኛስ ጋ እንዴት ነው?

የአሜሪካን ታሪክ እንዳለ አንሥቶ እኛ ላይ መጫን ትክክል አይመስለኝም። የእኛ ሚዛን ሌላ ነው። በአገራችን ቤት ውስጥ ጭምት ልጅ ይመሰገናል። እንግዳ ሲመጣ አንገቱን ደፍቶ የሚያስተናግድ፣ ታላላቆች ሲናገሩ የሚያዳምጥ ልጅ የወላጆቹ ኩራት ነው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም የሚለውም የእኛው ተረት ነው። በሌላ በኩል ዝምታ ለበግም አልበጃት እንላለን፤ ሁለቱን ተረቶች እንደየቦታው እናወጣቸዋለን። ኬን በካሊፎርኒያ ኩፐርቲኖ ስለሚገኙ ከእስያ የመጡ ቤተሰቦች ልጆች የጻፈችው ለዚህ ይቀርባል። ቤታቸው ዝምታን ያስተምራቸዋል፤ የሚገቡበት ዓለም ግን ንግግር ይጠይቃቸዋል። የእኛም ወጣት ቤቱ ጭምት ሁን ሲለው ያድግና ቅዳሜ መድረኩ ጩኽ ይለዋል። በውጭ አገር ባሉ የአማርኛ አብያተ ክርስቲያናት ያደጋችሁ ደግሞ ይህን በሦስት ወገን ታውቁታላችሁ፤ ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ ኅብረት።

በዚህ ላይ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ድምቀት ከካርኔጊ የተማርነው አይደለም። ሰዎች ከፍርሃትና ከእስራት ወጥተው በደስታ የዘመሩት መዝሙር ነው። ስለዚህ ድምፁን ዝቅ እናድርግ የሚል ምክር የለኝም። የምለው ሌላ ነገር ነው፤ ይህች ቤተ ክርስቲያን ድምፅዋን ማሰማት በማትችልበት ዘመንም ቤተ ክርስቲያን ነበረች። በደርግ ዘመን መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1974 ዓ.ም. ተዘጋች፤ ሕንፃዎቿ ተወሰዱ፣ መሪዎቿ ታሰሩ። ሙሉ ወንጌልም ከዚያ በፊት ተዘግታ ነበር። ምእመናኑ በየቤቱ በጥቂት በጥቂቱ ተሰበሰቡ። መዝሙሩ ለጎረቤት እንዳይሰማ ዝቅ ተደርጎ ተዘመረ፤ ጸሎቱ በሹክሹክታ ተጸለየ፤ ወንጌሉ ከአንድ ሰው ወደ አንድ ሰው ተነገረ። በሩ ሲከፈት የወጡት ምእመናን በሩ ሲዘጋ ከነበሩት ብዙ እጥፍ ነበሩ። ማይክ፣ መድረክና ድምፅ ማጉያ ባልነበረበት ዓመታት እግዚአብሔር ቤተ ክርስቲያኑን አበዛ። ከእናቶቻችሁና ከአባቶቻችሁ መካከል ያንን ዘመን የሚያስታውሱ አሉና ጠይቋቸው። ሹክሹክታ መንፈስ ቅዱስን እንደማያጠፋ ከእኔ ይልቅ እነርሱ ይነግሯችኋል።

መጽሐፉ የሚጎድለው

እስካሁን መጽሐፉን አመሰገንሁት፤ ምስጋናውም ይገባዋል። አሁን ደግሞ የማልስማማበትን ልናገር።

በመጀመሪያ፣ ኬን ኢንትሮቨርት የሚለውን ቃል በጣም ታሰፋዋለች። አስተዋይ፣ ትሑት፣ አድማጭ፣ ለሰው የሚራራ፣ ለብቻው የሚያስብ፣ ለአደጋ የማይቸኩል፤ ይህ ሁሉ በአንድ ቃል ውስጥ ይገባል። ቃሉን ሰፋ አድርጋ እንደተጠቀመችበት ራሷም በመጽሐፉ ትገልጻለች። ውጤቱ ግን ቀላል አይደለም። ጭምት የሆነ ወጣት መጽሐፉን ሲዘጋ ከመንፈስ ፍሬዎች ግማሹን ያለ ጸሎትና ያለ ንስሐ ከተፈጥሮው ያገኘ ሊመስለው ይችላል። እኛ ግን ዝምተኛ ሆኖ ትዕቢተኛ፣ ዝምተኛ ሆኖ ቂመኛ፣ ዝምተኛ ሆኖ በልቡ ሰውን ሁሉ የሚንቅ ሰው እንዳለ እናውቃለን። ሰነፍ እንኳ ዝም ሲል ጠቢብ እንደሚመስል ምሳሌ 17፥28 ይነግረናል። መምሰል ግን መሆን አይደለም። ተግባቢ ሆኖ ትሑት የሆነ ሰውም በመካከላችን ሞልቷል።

ሁለተኛው ነገር ስለ ሙሴ ነው። ኬን እግዚአብሔር አንደበቱ የሚያስቸግረውን ሰው ነቢይ አድርጎ ስለ መምረጡ ትጽፋለች፤ ጥያቄዋ ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሷ ግን ሕዝቡ ሙሴን የተከተለው ንግግሩ ስላማረ ሳይሆን ቃሉ የታሰበበት ስለነበረ ነው ወደሚል ይሄዳል። ዘጸአት 4፥10-16ን ከፍታችሁ አንብቡ። ሙሴ አንደበተ ርቱዕ አይደለሁም ሲል እግዚአብሔር ግድ የለም፣ አሳቢ ነህ፣ ዝምታህ ኃይልህ ነው አላለውም። ተለማመድ፣ ደፋር ሁን፣ ድምፅህን ከፍ አድርግም አላለውም። አፍን የፈጠረ ማን እንደሆነ አስታወሰው፤ ከአፍህ ጋር እሆናለሁ ብሎ ተስፋ ሰጠው። ሙሴ አሁንም ሌላ ላክ ሲል ደግሞ እግዚአብሔር ተቆጣ፤ ያም ሆኖ አሮንን ሰጠው።

ታሪኩ በዚህ አያበቃም። መናገር የሚችለው አሮን ሕዝቡ ሲጮኽበት እንቢ ማለት አልቻለም፤ የወርቁን ጥጃ ሠራ (ዘጸ. 32)። አፉ የሚከብደው ሙሴ ደግሞ ወደ ተስፋይቱ ምድር እንዳይገባ ያደረገው ነገር በመሪባ ውኃ አጠገብ ሆነ፤ መዝሙረኛው በከንፈሩ ያለ ማስተዋል እንደተናገረ ይነግረናል (መዝ. 106፥32-33)። ተናጋሪውን ምላሱ አላዳነውም፤ ዝምተኛውንም ዝምታው አላዳነውም። ሁለቱም ምሕረት ያስፈልጋቸው ነበር።

ሐዋርያው ጳውሎስም በቆሮንቶስ የገጠመው ይኸው ነው። ቆሮንቶስ አንደበተ ርቱዕን የምታደንቅ ከተማ ነበረች። አጵሎስ ተናጋሪ ነበር (ሐዋ. 18፥24)፤ ጳውሎስ ግን መልእክቱ ከባድ፣ በአካል ሲገኝ ደካማ፣ ንግግሩም የተናቀ ተብሎ ይታማ ነበር (2ቆሮ. 10፥10)። ጳውሎስ ራሱን ለማጽናናት የደካማ ሰውን ኃይል የሚያወድስ ጽሑፍ አልጻፈም። በድካምና በፍርሃት ወደ እነርሱ እንደመጣ አልሸሸገም፤ ይህም የሆነው እምነታቸው በሰው ጥበብ ላይ እንዳይቆም ነው አለ (1ቆሮ. 2፥1-5)። አጵሎስንም አላንቋሸሸም፤ አንዱ ተከለ፣ አንዱ አጠጣ፣ ያሳደገው ግን እግዚአብሔር ነው (1ቆሮ. 3፥6)። ኬን ለጭምቶች ኃይል አላችሁ ትላቸዋለች። ወንጌል ግን ለተናጋሪውም ለዝምተኛውም ኃይሉ የእናንተ አይደለም ይላል። ይህ በመጀመሪያ ሲሰሙት የሚያሳንስ ይመስላል፤ ሲያስቡት ግን ያሳርፋል። ኃይሉ በጠባዬ ውስጥ ከሆነ ጠባዬን ሁልጊዜ መከላከል አለብኝ፤ ከእግዚአብሔር ከሆነ ግን ጠባዬን በእጁ ላይ አስቀምጬ መሄድ እችላለሁ።

እዚህ ላይ ጭምት ወጣቶች ላይ ብዙ ጊዜ የሚወረወር አንድ ጥቅስ አለ፤ 2ጢሞቴዎስ 1፥7። እግዚአብሔር የፍርሃት መንፈስ አልሰጠንምና ተነሥተህ መድረክ ላይ ዘምር ይባላል። ነገር ግን ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ስታነቡ ጉዳዩ ስለ ጌታ ምስክርነትና ስለ እስረኛው ጳውሎስ ማፈር፣ ስለ ወንጌልም መከራ መቀበል እንደሆነ ታያላችሁ። ጳውሎስ ጢሞቴዎስን ጨዋታ አዋቂ ሁን አላለውም። በጌታ አታፍር አለው። ሁለቱ በጣም ይለያያሉ።

ስለ ፍቅር መናገር

ከመጽሐፉ ሁሉ ለወንጌል የቀረበ ሆኖ ያገኘሁት የብራያን ሊትል ታሪክ ነው። ሊትል በሐርቫርድ ሥነ ልቡና ያስተማረ ካናዳዊ ነው። ክፍል ውስጥ ሲያዩት እሳት የላሰ፣ ተማሪዎችን የሚያስቅ መምህር ነበር፤ በተፈጥሮው ግን የለየለት ጭምት ነው። በኩቤክ በአንድ የጦር ኮሌጅ ንግግር ሲያደርግ፣ በምሳ ሰዓት ከመኮንኖቹ ጋር ላለመቀመጥ ወንዙን ልይ ብሎ ብቻውን ይራመድ ነበር። የስብሰባው ቦታ ሲለወጥና ወንዝ ሲጠፋ መጸዳጃ ቤት ገብቶ ይደበቅ ጀመር። እንዲህ የሚደክመው ሰው ለምን ያስተምራል ቢባል መልሱ ተማሪዎቹንና ትምህርቱን ስለሚወድ ነው። ሰው ስለሚወደው ነገር ከጠባዩ ወጥቶ መሥራት ይችላል፤ በኋላ ግን የሚያርፍበት ቦታ ያስፈልገዋል።

ማርቆስ 1፥35-38ን አስታወሰኝ። ጌታ ኢየሱስ ማለዳ ተነሥቶ ወደ ምድረ በዳ ሄዶ ይጸልይ ነበር። ደቀ መዛሙርቱ ፈልገው አገኙትና ሕዝቡ ሁሉ ይፈልግሃል አሉት። እርሱም ወደ ሌሎች መንደሮች እንሂድ አላቸው፤ የመጣው ለዚህ ነውና። ጌታን ኢንትሮቨርት ወይም ኤክስትሮቨርት ብሎ ስም መስጠት አልፈልግም፤ ሁላችንም እርሱን በራሳችን መልክ መሥራት እንወዳለን። የምናየው ግን ግልጽ ነው። የፈቀቀው ወደ አባቱ ነበር፤ የተመለሰውም ስለ ሰዎች ነበር። መፍቀቁ ሽሽት አልሆነም፤ መመለሱም ለጭብጨባ አልሆነም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

የወጣት ኅብረት መሪዎች፣ ፕሮግራማችሁን አንድ ጊዜ በጭምት ልጅ ዓይን እዩት። በመክፈቻው ጎናችሁ ላለው እንዲህ በሉት፣ በመካከሉ ሁላችሁም ጮክ በሉ፣ በመጨረሻ አንተ ከኋላ ያለኸው ተነሥና በጸሎት ዝጋልን። ሳያስቡት የሚጠሩት ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት ላይመጣ ይችላል። ከሳምንቱ ቀድማችሁ ብትነግሩት ግን የሚጸልየው ጸሎት ሁላችሁን ሊያስገርም ይችላል። ምስክርነቱን ጽፎ ማንበብ ለሚፈልግ ፍቀዱለት። አምስት ስድስት ሰው የሚቀመጥበት ቡድን ይኑራችሁ። መሪ ስትመርጡ ማይክ ያማረበትን ብቻ አትዩ፤ የታመመውን ማን ጠየቀ፣ የቀረውን ማን ደወለለት ብላችሁ እዩ።

ጭምት ወንድሞቼና እህቶቼ፣ በዝምታችሁ አትፈሩ፤ በዝምታችሁ ግን አትደበቁ። ጠባዬ ነው ብላችሁ አዲስ የመጣውን ሰው ሰላም ሳትሉት አትለፉ፤ በአፍ መመስከርንም ለሌላ አትተዉ (ሮሜ 10፥9-10)። እንድርያስን ተመልከቱ። በዮሐንስ ወንጌል ውስጥ ለሕዝብ ሲሰብክ አናየውም፤ ሰው ሲያመጣ ግን ደጋግመን እናየዋለን። ወንድሙን ስምዖንን ወደ ጌታ አመጣው፣ አምስት እንጀራ የያዘውን ልጅ አሳየ፣ ኢየሱስን ማየት የፈለጉትን ግሪኮች ነገር ከፊልጶስ ጋር ሆኖ ለጌታ ነገረ። በበዓለ ኃምሳ የጴጥሮስን ስብከት ስትሰሙ ጴጥሮስን ያመጣው ማን እንደነበረ አትርሱ። ሐናም ብትሆን ዔሊ ሲከስሳት ዝም አላለችም፤ በአክብሮት መለሰችለት፣ ልቧን ገለጠችለት። ልጇን ለእግዚአብሔር ስትሰጥ ደግሞ የጸለየችው ጸሎት እስከ ዛሬ በጉባኤ ሁሉ ይነበባል (1ሳሙ. 2)።

ተግባቢ የሆናችሁ ወዳጆቼ፣ ያለ እናንተ ኅብረታችን ይቀዘቅዛል። በር ላይ የምትቆሙት፣ እንግዳውን የምታስቁት፣ የተኛውን የምትቀሰቅሱት እናንተ ናችሁና ጌታ ይባርካችሁ። አንድ ነገር ብቻ ከዔሊ ተማሩ። ዔሊ ተሳሳተ፤ ነገር ግን ሐና ስትመልስለት ሰማት። ሲሰማትም ክሱን ትቶ በሰላም ሂጂ ብሎ ባረካት። ቀድሞ መፍረዱ ድካሙ ነበር፤ ሰምቶ መመለሱ ግን ክብሩ ነው። ዝም ያለውን ሰው አንድ ጥያቄ ጠይቁትና መልሱ እስኪመጣ ታገሡ። ለመስማት የፈጠንን፣ ለመናገር የዘገየን እንድንሆን ያዕቆብ 1፥19 ያዘዘው ለሁላችንም ነው።

በቡድናችሁ ይህን ጽሑፍ ካነበባችሁ በኋላ እንዲህ ብታደርጉ ደስ ይለኛል። በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ መዝሙሩ ሲያበቃና ስብከቱ ሳይጀመር ሦስት ደቂቃ ሙሉ ማንም ሳይናገር፣ ኪቦርዱም ሳይመታ በጌታ ፊት ተቀመጡ። መጀመሪያ ላይ አንዳንዶቹ ይሳሳቃሉ፤ አንዳንዶቹ ሰዓት ያያሉ። ታገሡ። ከዚያ አንድ መሪ ጮክ ብሎ ጸልዮ ይዝጋው። በሦስቱ ደቂቃ ከመካከላችሁ ያረፈ ይኖራል፤ በጸሎቱ ደግሞ የተነሣ ይኖራል። ሁለቱም በአንድ አዳራሽ አንዱን ጌታ ማምለካቸውን ስታዩ አብራችሁ አመስግኑ።